በጣና ዳርቻ የሣር አረምን በመድኃኒት መቆጣጠር፦ ውኃውን ሳይበክሉ እንዴት ይረጫል?

ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ አጥበው የሚያመጡት ሁሉ ማረፊያው ጣና ነው። ሐይቁ ሲያዩት ባሕር ይምሰል እንጂ እጅግ ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ከዚሁ ውኃ ይጠጣል፣ ከብት ይጠጣበታል፣ ዓሣ ይወጣበታል። በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙት የጣና ነጭ ዓሦች ገሚሶቹ ደግሞ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ሽቅብ የሚወጡት ከሐምሌ ጀምሮ ነው። ጸረ አረም የሚረጨውም በዚያው ወቅት ነው።

መጠኑን ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። በሊትር 720 ግራም ንጥረ ነገር ያለው ቱፎርዲ (2,4-D) የተባለ ጸረ አረም አለ እንበል። 10 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንድ ቡሽ ውስጥ 7.2 ግራም አለ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የቱፎርዲ ጣሪያ በሊትር 30 ማይክሮ ግራም ነው። ስለዚህ ወንዝ ዳር የተደፋች አንዲት ቡሽ 240,000 ሊትር ውኃ፣ ማለትም 12,000 ጄሪካን፣ እስከ ጣሪያው ታደርሳለች። በወጉ ከተረጨ ማሳ ከሚሸሸው ይልቅ ወንዝ ዳር በሚደፋው፣ ሳይለካ በሚጨመረውና ዝናብ ሊመጣ ሲል በሚረጨው የሚሄደው በቀላሉ ይበልጣል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሦስት ቀዳዳዎች ለመድፈን ነው።

አረሙን ሳይለዩ መድኃኒት አይግዙ

ቱፎርዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ይገድላል፤ ሣርን አይገድልም። ሙጃ፣ ስናር፣ አሰንዳቦ ወይም ሰርዶ የወረረው ማሳ ላይ ቱፎርዲ መርጨት ገንዘቡን ጎርፍ ላይ መድፋት ነው፤ መድኃኒቱ በውኃ በቀላሉ የሚሟሟና ከአፈር ጋር እምብዛም የማይጣበቅ ስለሆነ ከማሳው ቶሎ ይወጣል። አረሙ ሳይሞት ሲቀር ደግሞ መጠኑን እጥፍ አድርጎ መድገም ይመጣል፤ ጥፋቱም እጥፍ ይሆናል። እንግጫም ያሳስታል። ሲያዩት ሣር ይመስላል፣ ግንዱን በጣት ሲያሽከረክሩት ግን ሦስት ማዕዘን አለው። ሣር ገዳይ የተባለ መድኃኒት ሁሉ አይሠራበትም።

ስንዴ ላይ ለስናርና ለመሰሎቹ የሚታወቀው ፓላስ 45 ኦዲ ነው። የሚረጨው ስንዴውም አረሙም ከበቀሉ በኋላ፣ አረሙ ገና ጥቂት ቅጠል ላይ ሳለ ነው። በቆሎ ላይ አረሙ ሳይበቅል የሚረጩት አትራዚንና ኤስ-ሜቶላክሎር ያሉባቸው ናቸው፤ ሁለቱም በውኃ ተጓዦች ስለሆኑ ከወንዝና ከጉድጓድ በደንብ መራቅ አለባቸው። ጤፍና ዳጉሳ ራሳቸው የሣር ወገን በመሆናቸው ሰብሉን ትቶ ሣሩን ብቻ የሚመርጥ መድኃኒት እንደልብ አይገኝም፤ የመድኃኒቱ ጽሑፍ ላይ የሰብሉ ስም ካልተጻፈ አይርጩ። የፎገራ የዱር ሩዝም እንደዚያው ነው፤ ለዘር ሩዙ የሥጋ ዘመዱ ስለሆነ አንዱን የሚገድል ሌላውንም ይጎዳል። መፍትሔው ንጹሕ ዘርና ነቀላ ነው።

ግላይፎሴት ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ስለሚገድል የሚረጨው ከመዝራት በፊት ብቻ ነው። ከአፈር ጋር አጥብቆ ይያያዛል። ይህ ደህና ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አፈሩ ራሱ በጎርፍ ሲሄድ መድኃኒቱንም ተሸክሞት ይሄዳል። የርብና የጉማራ ውኃ በክረምት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ማሳውን አርሰው 2 ሳምንት ቢጠብቁ፣ የበቀለውን አረም በቀጭኑ መልሰው ቢያርሱት፣ ከዓመታዊ ሣሮች ብዙው ያለ መድኃኒት ይሄዳል። ሰርዶን በበጋ እርሻ ሥሩን ወደ ላይ አውጥቶ በሚያዝያ ፀሐይ ማድረቅ ይቻላል። ሩዝን በመስመር፣ 20 ሳንቲ ሜትር አራርቆ መዝራት በመስመሮቹ መካከል ለመኮትኮት ያመቻል። ሙጃ ደግሞ ሳያፈራ ከታጨደ ጥሩ የከብት መኖ ነው፤ የተረጨ ሣር ግን ለከብት አይሰጥም።

ባሕር ሸሽ ላይ በጭራሽ

ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ የሚታረሰው መሬት ላይ ምንም ዓይነት ጸረ አረም መረጨት የለበትም። ጣና ከሰኔ በኋላ እየሞላ መስከረም ላይ ይህንኑ መሬት መልሶ ይውጠዋል። አፈሩ ውስጥ የቀረ ሁሉ ያን ጊዜ ዓሣው የሚራባበት ውኃ ውስጥ ይሆናል። ደለል ውስጥ አየር ስለሚያጥር መበስበሱም ይዘገያል። በዚህ መሬት ላይ ያለው መንገድ የእጅ አረም ብቻ ነው። እምቦጭ ላይ ግላይፎሴት ማርከፍከፍም እንዲሁ አይሆንም። እዚያው የበሰበሰው እምቦጭ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ በብዙዎቹ የግላይፎሴት ዓይነቶች ውስጥ ያለው ማጣበቂያም ለዓሣና ለእንቁራሪት መርዝ ነው።

አገዛዝ

ጠርሙሱ የታሸገ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት፣ ቀኑ ያላለፈ ይሁን። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ የሚሸጠውን አይግዙ፤ ምን እንደሆነ፣ ስንት ውኃ እንደገባበት አይታወቅም። ያልተመዘገበ መድኃኒት መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ለአንድ ክረምት ከሚበቃው በላይ አይግዙ፤ የተረፈ መድኃኒት ቤት ውስጥ አደጋ ነው፣ ሲደፋም ውኃ ላይ ነው የሚደፋው።

መሬቱንና ፓምፑን መለካት

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ገንዘብም ውኃም የሚያድነው ሥራ ይህ ነው።

4 ቃዳ 1 ሄክታር ነው ይባላል፤ ስለዚህ 1 ቃዳ 50 ሜትር በ50 ሜትር፣ 2,500 ካሬ ሜትር መሆን ነበረበት። በልማድ ቃዳ የተባለ ማሳ ሁሉ ግን ይህን አይሞላም። ማሳው 50 በ40 ሆኖ የአንድ ቃዳ መድኃኒት ከተረጨበት 25 በመቶ ትርፍ ተረጭቷል ማለት ነው። 50 ሜትር ገመድ በየ10 ሜትሩ ቋጥረው የማሳውን ርዝመትና ስፋት አንድ ጊዜ ይለኩ፤ ቁጥሩን ደብተር ላይ ያስቀምጡት፣ ለሁልጊዜ ያገለግላል።

ቀጥሎ ፓምፑ ነው። ከጀርባ ፓምፕ ጋር የሚመጣው ኖዝል (የመርጫው አፍ) አብዛኛውን ጊዜ ክብ ጉም የሚሠራው ነው። ያ ለነፍሳት መድኃኒት ጥሩ ነው፤ ለጸረ አረም ግን ጠብታው ደቃቅ ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል። እንደ ማራገቢያ ጠፍጣፋ አድርጎ የሚረጨውን ኖዝል ይግዙና ይቀይሩ፤ ዋጋው ከአንድ ሊትር መድኃኒት ጋር አይወዳደርም። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ብቻ እንዲህ ይለኩ፦

1. 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ በአራት ችካል ይከልሉ። ሣር ያለበት፣ ከሚረጨው ማሳ ጋር የሚመሳሰል ቦታ ይሁን፤ ሜዳ ላይ የሚሄዱት ፍጥነት ጓል ላይ አይገኝም።
2. ፓምፑን በንጹሕ ውኃ እስከ አንድ ምልክት ይሙሉ።
3. እንደ ሥራው ቀን አካሄድ፣ ኖዝሉን ከአረሙ በላይ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘው፣ እጀታውን በእኩል ምት እየመቱ ቦታውን በሙሉ ይርጩ።
4. የመለኪያ መስመር ባለው ጆግ እየለኩ ፓምፑን እስከ ቀድሞው ምልክት መልሰው ይሙሉ። የጨመሩት ውኃ የረጩት መጠን ነው።
5. ሦስት ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ይውሰዱ። በ25 ሲያበዙት የቃዳ፣ በ100 ሲያበዙት የሄክታር ውኃ ይሆናል።

2 ሊትር ከወጣ ለቃዳ 50 ሊትር፣ ለሄክታር 200 ሊትር ነው። የግላይፎሴቱ ጽሑፍ በሄክታር 3 ሊትር ካለ ለቃዳ 750 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ ለ50 ሊትር ውኃ ሲከፋፈል በእያንዳንዱ ሊትር ውኃ 15 ሚሊ ሊትር ነው። 16 ሊትር ለሚይዝ ፓምፕ 240 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሦስት ሙሉ ፓምፕ 48 ሊትር ስለሚሆን የሚቀረው 2 ሊትር ብቻ ነው፤ ለዚያ 30 ሚሊ ሊትር ይበቃል። አራተኛውን ፓምፕ በልማድ ሙሉውን የበጠበጠ ሰው 14 ሊትር መድኃኒት ተርፎት የሚደፋበት ቦይ ይፈልጋል። ስሌቱ የሚያድነው ከዚህ ነው።

መለኪያው ቡሽ፣ ጣሳ ወይም የቡና ስኒ መሆን የለበትም። ሚሊ ሊትር የተጻፈበት የፕላስቲክ ኩባያ ለመድኃኒት ብቻ ይመደብ። ኖዝሉንም በየክረምቱ መጀመሪያ ይፈትሹ፦ ለ1 ደቂቃ ጆግ ውስጥ ይርጩና ከአዲሱ ጋር ያወዳድሩ፤ አዲሱ 1.2 ሊትር ሰጥቶ አሮጌው ከ1.3 በላይ ከሰጠ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ይጣል። ሲደፈንም በአፍ አይነፋም፤ በሣር እንጨት ወይም በለስላሳ ብሩሽ ይጽዳ።

ውኃውና አበጣበጡ

ፓምፑ ወደ ወንዝ አይሄድም፤ ውኃው በጄሪካን ወደ ማሳው ይመጣል። የሚበጠበጥበት ቦታ ከወንዝ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ቢያንስ 50 ሜትር ርቆ፣ ፈሰስ (ከማሳ ውኃ የሚያወጣ ቦይ) የማያልፍበት ሣራማ ቦታ ይሁን። ድንጋይና ጠንካራ መንገድ ላይ የፈሰሰ መድኃኒት በሚቀጥለው ዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፤ ሣር ላይ የፈሰሰ ግን አፈሩ ይይዘዋል።

ግላይፎሴት ከጭቃ ጋር ይጣበቃል ብለናል። በሐምሌ ከወንዝ በተቀዳ ድፍርስ ውኃ ከተበጠበጠ ቅጠሉ ላይ ሳይደርስ እዚያው ፓምፑ ውስጥ ይታሰራል። አረሙ አይሞትም፤ ገበሬው መድኃኒቱ ደካማ ነው ብሎ በሚቀጥለው ጊዜ እጥፍ ያደርጋል። ጥፋቱ የውኃው ነበር። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ለዚህ ሥራ የሚወዳደረው የለም፤ የጠራም ነው፣ ማዕድንም የለበትም። እሱ ከሌለ የወንዙን ውኃ ሌሊቱን አዝቅጠው ከላይ ያለውን ብቻ በጨርቅ አጥልለው ይጠቀሙ።

ፓምፑን እስከ ግማሽ ውኃ ይሙሉ፣ የተለካውን መድኃኒት ይጨምሩ፣ ኩባያውን አለቅልቀው ያንኑ እዚያው ይጨምሩ፣ ያነቃንቁ፣ ከዚያ ውኃውን ይሙሉ። ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ረጅም እጅጌና የዓይን መከለያ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልጉት በዚህች ሰዓት ነው፤ ያልተበረዘ መድኃኒት የሚነካው በዚህ ጊዜ ነውና። ከፈሰሰ አመድ ወይም ደረቅ አፈር ያልብሱት፤ ሲመጥጠው በአካፋ አንስተው ማሳው ላይ ይበትኑት። ውኃ አያፍስሱበት።

ቀኑና ሰዓቱ

በሞቃት አገር ሙቀቱና ጥቃቅን ተሕዋስያን መድኃኒቱን ቶሎ ይሰብሩታል። ዝናቡ ግን ለዚያ ጊዜ አይሰጥም። ከተረጨ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ ከሚታጠበው ውስጥ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል።

የባሕር ዳር ዙሪያ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ግላይፎሴት ቅጠል ውስጥ ለመግባት 6 ሰዓት ያህል ደረቅ ጊዜ ይፈልጋል። ዝናቡ በ9 ሰዓት ሊመጣ ይችላል ከተባለ ርጭቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት። ጠል ከቅጠሉ እየተንጠባጠበ ከሆነ ግን መድኃኒቱም አብሮ ይወርዳል፤ ጠሉ ትንሽ እስኪነሳ ይጠብቁ። የጠሉ መነሳትና የ6 ሰዓቱ ደረቅ ጊዜ የማይገናኙበት ቀን ካጋጠመ የዚያን ቀን አይረጭም። ሳይበቅል ለሚረጨው መድኃኒት ደግሞ ቀላል ዝናብ ይጠቅመዋል፣ ዶፍ ይወስደዋል፤ ደመናው ከባድ ከሆነ ይተዉት።

ነፋሱን ሐይቅ አጠገብ ያለ ሰው ከሌላው ይበልጥ ያጢነው። ሌሊትና ማለዳ አየሩ ከየብስ ወደ ሐይቅ ያዘነብላል፤ ረፈድ ሲል ተገላብጦ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል። ስለዚህ በማለዳ ዳርቻው ላይ የተረጨ ደቃቅ ጠብታ የሚያርፈው ውኃው ላይ ነው። ቅጠል ብቻ የሚያወዛውዝ ለስላሳ ነፋስ ከውኃው ወደ ማሳው ሲመጣ ይርጩ። ጭስ መሬት ላይ ተኝቶ በሚሄድበት ጭር ያለ ማለዳም አይርጩ፤ ጠብታው ሳይወርድ ርቆ ይጓዛል።

የፎገራና የደንቢያ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሳይዘጋ የሚረጭ አፈር ላይ የሚቀር መድኃኒት በመጀመሪያው ዝናብ ቀጥታ ወደ ታች፣ ወደ ጉድጓዱ ውኃ ይወርዳል። ዝናቡ ደጋግሞ ስንጥቁን ካልዘጋው አይንኩት። በሌላ በኩል ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ረባዳው መሬት ጠግቦ ሌላ ውኃ አይቀበልም፤ የዘነበው ሁሉ ላዩ ላይ ይሄዳል። እዚያ በዚያ ጊዜ መርጨት ወንዙ ላይ ከመርጨት ብዙ አይለይም።

ዳርቻ፣ ፈሰስና የሩዝ ውኃ

በወንዝና በማሳ መካከል ቢያንስ 10 ሜትር፣ ቁልቁለት ከሆነ 20 ሜትር ያልተረጨና ያልታረሰ ሣር ይተዉ። ደሾ፣ ቬቲቨር ወይም ዝሆኔ ሣር ጥቅጥቅ ተደርጎ ከተተከለ ጎርፉን ያዘገያል፣ ደለሉን ከነግላይፎሴቱ ያስቀረዋል፣ ለከብትም ይታጨዳል። መሬቱ ጠባብ ለሆነበት ገበሬ 10 ሜትር መተው ቀላል እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ለዚያ ነው መኖ የሚሆን ሣር የሚመረጠው።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ፈሰስ ሊፈርስ ይችላል። ፈሰሱ ሣሩን ሰንጥቆ ወንዝ ውስጥ ከገባ ሣሩ ምንም አላጣራም። የፈሰሱን ጫፍ ከሣሩ በላይ አስቁመው ወደ ጎን ይበትኑት፤ ፈሰሱ ውስጥና ጠርዙ ላይም አይርጩ።

ሩዝ ላይ የአፈር ድንበሩ ቁመት ወሳኝ ነው። ማሳው 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ይዞ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ውኃው 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ዝናብ ሲደገም 15። ስለዚህ ድንበሩ 25 ሳንቲ ሜትር ቢኖረው ይመረጣል፤ የአይጥና የሸርጣን ቀዳዳ ከርጭቱ በፊት ይደፈን። አረሙ እንዲታይ ውኃው መቀነስ ካለበት የሚለቀቀው ከመርጨት በፊት ነው። ከተረጨ በኋላ ጽሑፉ የሚለውን ያህል ቀን፣ ካልተጻፈ ቢያንስ 7 ቀን፣ ማሳው ተዘግቶ ይቆይ።

ማጠብ

አንድ ሊትር የያዘው ጠርሙስ ሲያልቅ ሩብ ያህል ውኃ ጨምረው ክዳኑን ዘግተው 30 ሰኮንድ ይናጡ፤ እጥበቱን ፓምፑ ውስጥ ገልብጠው እስኪንጠፈጠፍ ይጠብቁ። ሦስት ጊዜ። ይህ የሚሆነው የመጨረሻው ፓምፕ እየተበጠበጠ ሳለ ነው፣ እጥበቱም አረም ላይ ይረጫል። ከዚያ ጠርሙሱን ቂጡን ይብሱት። ያልተበሳ ጠርሙስ ዘይት ወይም ጠላ መያዣ ሆኖ ቤት ይገባል። የተበሱትን በጆንያ ቆልፈው አስቀምጠው ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወይም ለሻጩ ያስረክቡ፤ አያቃጥሉ።

ፓምፑም እዚያው ማሳው ላይ በ2 ሊትር ውኃ ሦስት ጊዜ ይታጠብ፣ እጥበቱ በኖዝሉ በኩል ተረጭቶ ይለቅ። ቱፎርዲ የነካው ፓምፕ ለቲማቲምና ለቃሪያ አይውልም፤ ቢታጠብም የሚቀረው ያጠወልጋቸዋል።

ጎረቤታሞች ሆነው ፓምፕ የሚጋሩ ካሉ አንድ ማጠቢያ ጉድጓድ ቢያዘጋጁ ይበጃል። 1 ሜትር በ1 ሜትር ስፋት፣ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈር። ወለሉ በ10 ሳንቲ ሜትር የሸክላ ጭቃ ተጠቅጥቆ ይመታ። የቀረው 60 ሳንቲ ሜትር በ20 ሊትር ባልዲ ተለክቶ 15 ባልዲ ጭድ፣ 7 ተኩል የላይኛ አፈር፣ 7 ተኩል የበሰለ ኮምፖስት ተቀላቅሎ ይሞላ። ድብልቁ ከመሞላቱ በፊት እርጥብ ሆኖ 6 ሳምንት ይከመር፤ ጭዱን የሚያበሰብሰው ሻጋታ ነው መድኃኒቱንም የሚሰብረው። ላዩ ላይ ሣር ይተከል፣ ከላዩ ቆርቆሮ ይጠለል፤ ክረምቱ ከገባበት ሞልቶ ይፈስሳል። ከጉድጓድና ከወንዝ 50 ሜትር ይራቅ። በየዓመቱ ሲሰምጥ በድብልቁ ይሞላ፤ የሚወጣው አሮጌ ድብልቅ 1 ዓመት ተከምሮ ከቆየ በኋላ ማሳ ላይ እንጂ ጓሮ አትክልት ላይ አይበተን።

የሥራ ልብስም ለብቻው፣ በሳፋ ይታጠብ፤ ወንዝ አይወረድበትም። እጥበቱ እዚሁ ጉድጓድ ላይ ይደፋ።

የጉድጓድ ውኃ

ውኃ ማፍላት ጸረ አረምን አያጠፋም፤ ውኃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይወፍራል። ውኃ አጋር የሚባለው ማከሚያም የሚገድለው ጀርምን ነው። ስለዚህ መከላከል ብቻ ነው ያለው፦ የጉድጓዱ አፍ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሲሚንቶ ይገንባ፣ ክዳን ይኑረው፣ ዙሪያው ጎርፍ ወደ ውጭ እንዲሄድ ያዘንብል፣ የመድኃኒት ጄሪካን በጉድጓዱ ባልዲ አይሞላ። ጉድጓዱ ከተረጨ ማሳ በታች ከሆነና ከርጭቱ በኋላ ዶፍ ከጣለ፣ ድፍርሱ እስኪጠራና ከዚያም ጥቂት ቀናት እስኪያልፉ ድረስ የመጠጡን ውኃ ከማሳው በላይ ካለ ጉድጓድ ወይም ከቧንቧ ይቅዱ።